ለኪዳን የሰጠሽው ውሃ

ኮልፌ፣ እሑድ ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ዘይነባ፣

ፖስታው ላይ ስምሽን የጻፈው ባሌ ወንድይፍራው ነው። የእኔን የእጅ ጽሑፍ ካየሽ ሳትከፍቺ እንዳትጥዪው ፈርቼ እሱን አስጻፍኩት። እንደ ወጉ ስለ ጤናሽ መጠየቅ ነበረብኝ። ነገር ግን ጤና የነሳሁሽ ሴት ተመልሼ "እንደምን አለሽ" ብል የማሾፍብሽ ይመስላል፣ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ነገሬ እገባለሁ። አንቺ ራስሽ "ትርንጎ አፏም እንደ እጇ መርፌ ነው" ትዪኝ አልነበር?

ልጄን ኪዳንን አንቺ አልገደልሽውም። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። እያወቅኩ ዝም ካልኩ እነሆ ሰባት ወር ሊሞላኝ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ፤ ከሥሩ ልጀምረው። እማማ አስካለ ግቢ ውስጥ አምስት ዓመት በር ለበር ተከራይተን ኖረናል። አራት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ። እኔ ቤቴ ተቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ አንቺ ሥራ የሚውሉ እናቶችን ልጆች ትጠብቂያለሽ። የስንቱን ልጅ ንፍጥ ጠርገሻል! ኪዳንም ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው ጀምሮ ያደገው ካንቺ ጉልበት ሥር ነው። እኔ ሥራ ሲበዛብኝ "ሂድ ወደ እትዬ ዘይነባ" ስለው ጫማውን ሳያደርግ ነበር የሚሮጠው።

የልጅሽን የሲሃምን ነገርም አስታውሳለሁ። ሰባት ዓመት እስኪሆናት ድረስ ማታ ማታ አልጋዋ ላይ ሽንቷ ያመልጣት ነበር። አንድም ቀን ስትቆጫት አልሰማሁሽም። ከአንሶላው ሥር ላስቲክ ታነጥፊያለሽ፣ ከመተኛቷ በፊት ሽንት ቤት ታደርሻታለሽ፣ ጠዋት ርጥቡን አንሶላ አብራችሁ አንስታችሁ ሳፋ ውስጥ ትጨምራላችሁ፣ ደርቃ ያደረች ቀን ደግሞ ግንባሯን ስመሽ ትሸኛታለሽ። እኔ በሆዴ "ይቺ ሴት ልጇን አሞላቀቀቻት" እል ነበር። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ "ምናለ ትንሽ እንኳ ብትቆጫት?" ብልሽ፣ "ተኝታ ለሠራችው ነቅታ ትገረፍ?" አልሽኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ጊዜው ሲደርስ በራሱ ተዋት።

የኪዳን ግን ሌላ ነበር። ኪዳን ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ አልጋ አበላሽቶ አያውቅም። ባለፈው መስከረም ማለቂያ፣ ስምንት ዓመቱን በያዘ ሰሞን፣ ድንገት ጀመረው። አንድ ሌሊት፣ ሁለት ሌሊት፣ ከዚያ በየቀኑ ሆነ። ሁለተኛ ክፍል የገባ ልጅ! ውሃው ደግሞ በፈረቃ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ብቅ ብላ የምትጠፋ ውሃ ለወጥ እንኳ በማትበቃበት ቤት እኔ በየማለዳው ብርድ ልብስ ማጠብ ሆነ ሥራዬ። ተናደድኩ። ስንፍና ነው፣ ብርድ ፈርቶ ነው ከአልጋ የማይወርደው አልኩ። ሌላ ነገር አለ ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም።

የግቢያችን ባለቤት እማማ አስካለ እንደምታውቂያቸው ምክር አያልቅባቸውም። "በኛ ጊዜ አልጋ ላይ የሸና ልጅ የሸናበትን ተሸክሞ ሰፈር ይዞር ነበር" አሉኝ። "አንዴ ካፈረ አይደግመውም።" ሰማኋቸው። ቅዳሜ ማለዳ ነበር፣ የግቢው ልጅ ሁሉ ደጅ ነው። ርጥቡን ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጫንኩበትና "ዙር!" አልኩት። ልጆቹ "ሽንታም! ሽንታም!" እያሉ ተከተሉት። አላለቀሰም። አንገቱን ደፍቶ፣ ብርድ ልብሱ ከኋላው መሬት ለመሬት እየተጎተተ፣ መዞር ጀመረ። ሲሃም ከቤት ወጥታ የተጎተተውን ጫፍ ያነሳችው ያኔ ነው።  ሁለቱ ተጋግዘው እስከ ቧንቧው ወሰዱት፣ ልጆቹም ዝም አሉ። አንቺ በርሽ ላይ ቆመሽ አየሽኝ። ያን አስተያየትሽን ጠላሁት። ሰላምታዬ የቀዘቀዘው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ማሳፈሩ አልሠራም። ቀጥሎ ውሃ ከለከልኩት። ይህንንም ሰው ሁሉ የሚመክረው ነው፤ ያልጠጣ አይሸናም። ከትምህርት ቤት ከተመለሰ በኋላ ጠብታ እንዳይቀምስ አልኩ። በርሜሉን ከደንኩ፣ ጀሪካኑን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩ። አንድ ቀን ወንበር ደርድሮ ቁም ሳጥኑ ላይ ሲንጠላጠል ያዝኩትና በጥፊ መታሁት። "እማዬ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ" ሲለኝ "ይድረቅ፣ አልጋህም እንደዚያው ይድረቅልኝ" አልኩት። ይህን ቃል ነው አሁን ሌሊት ሌሊት የምሰማው።

ከዚያ ደግሞ ጠበል። ሰባት ቀን በማለዳ ይዤው ሄድኩ። ዘይነባ፣ ያን ልጅ ጠበል ሲጠጣ ብታዪው! ሌሎቹ ልጆች እያለቀሱ በግድ ይጠጣሉ፣ የኔው ጆጉን በሁለት እጁ ይዞ ትንፋሽ ሳይወስድ ያንደቀድቀዋል፣ ጨርሶም ይጨመርልኝ ይላል። አጥማቂው ራሱን ዳበስ አድርገው "የተባረከ ልጅ ነው፣ ጠበል ይወዳል" አሉኝ። እኔም ኮራሁ። ሰባቱ ቀን ካለቀ በኋላ ጠዋት ጠዋት "ዛሬም ጠበል እንሂድ እማዬ" ይለኝ ነበር። ለካ ልጄ ጠምቶት ነው። ማንም ሳይቆጣው ጠግቦ የሚጠጣው እዚያ ብቻ ስለነበር ነው።

አንቺ ግን ታዪ ነበር። ሲከሳ አይተሻል። እኔ በጥቅምት ወር ብቻ የዩኒፎርም ሱሪውን ወገብ ሁለቴ አጥብቤለታለሁ። በገዛ መርፌዬ እያጠበብኩ ልጄ እያለቀ መሆኑ አልታየኝም። አንድ ጠዋት የማስጫ ገመዱ ሥር ቆመሽ ጠራሽኝ። የኪዳንን አንሶላ ውሃ እስክትመጣ ብዬ ሳላጥበው ዘርግቼው ነበር። ጉንዳን በእንጨቱ ላይ ተሰልፎ ወጥቶ አንሶላውን ወሮታል።

"ትርንጎ፣ ይሄን እይ እስቲ" አልሽኝ። "የሲሃም አንሶላ አንድም ቀን ጉንዳን ጠርቶ አያውቅም። ልጁም ውሃ አይጠግብም። አባቴ ስኳር ሲጀምረው እንዲህ ነበር ያደረገው። ቆሞ የነበረ ነገር ሲመለስ ደግሞ በሽታ ነው። በአላህ፣ አስመርምሪው።"

እኔ ግን "ቤትሽ ቆሻሻ ነው" ያልሽኝ መሰለኝ። "ጉንዳን ያንቺ ቤት አይገባም?" አልኩሽ። "ስኳር የሽማግሌ በሽታ ነው፣ በልጄ ላይ አታሟርቺ!"

ክፉ ቃል አልመለስሽልኝም። "እሺ፣ ብቻ ውሃ አትከልክዪው" ብለሽ ወደ ልጆችሽ ገባሽ። ያን ቀን ይዤው ወደ ክሊኒክ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ኪዳን ከትምህርት ቤት ሲመለስ በአንቺ በር እንደሚያልፍ አላወቅኩም። በየቀኑ በሰማያዊዋ የፕላስቲክ ኩባያ ታጠጪው ነበር። አንድ ከሰዓት ደረስኩበት። ደጃፍሽ ላይ ቁጢጥ ብሎ ኩባያዋን ግጥም አድርጎ ይጠጣል። ከእጁ ነጥቄ ወረወርኳት፣ ግድግዳውን መታች፣ የቀረው ውሃ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። "ልጄን ምን እያጠጣሽው ነው?" ብዬ ጮኽኩብሽ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ።

"ውሃ ነው ትርንጎ" አልሽኝ። "ውሃ እኮ ለጠላትም አይከለከልም።"

ኪዳን በዚያ መሐል የሸሚዙን ደረት አፉ ውስጥ ከቶ ርጥበቱን ይመጥ ነበር። አንቺ አይተሽው ይሆን? እኔ አይቻለሁ። አይቼ እንዳላየ ሆኜ እጁን ጎትቼ አስገባሁት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። "ምን እያጠጣሽው ነው" ያልኩት በንዴት ነበር፣ ውሃ መሆኑን አሳምሬ አውቃለሁ። ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ግን አላሰብኩም።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 5 ኀሙስ ጠዋት፣ ትውከት ጀመረው። ሆዴን፣ ሆዴን አለ። አተነፋፈሱ ሲሮጥ የዋለ ሰው ይመስላል። ታይፎይድ ነው ብዬ አሰብኩ። በርሽ ድረስ መጥቼ ላንኳኳ እጄን ካነሳሁ በኋላ ተመለስኩ፣ ኩራቴ ከለከለኝ። ወንድይፍራው 18 ማዞሪያ የያዘውን ወረፋ ለሌላ ለቅቆ ሚኒባሱን ይዞ መጣ። ኋላ ወንበር ላይ አቅፌው ተቀመጥኩ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? እስከ ትናንት ለማንም ያልተናገርኩት ነው። "እማዬ፣ አሁን ውሃ መጠጣት ይፈቀድልኛል?" አለኝ። እኔም እንደለመደብኝ "ቆይ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይይህ" አልኩት። እሺ አለኝ። እሺ ባይ ልጅ ነበር።

ሆስፒታል የተቀበለችን ዶክተር ወጣት ሴት ናት። ከጣቱ ደም ወስዳ መሣሪያዋን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ወንድይፍራው ካርድ ሊያወጣ ወርዷል፣ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ውሃ ይጠማው ነበር? አልጋው ላይ መሽናት ጀምሮ ነበር? ከስቷል? ትለኛለች፣ ሁሉንም አዎ እላለሁ። ስኳር ነው አለችኝ፣ ልጅንም ይይዛል። የሚሸናው ደሙ ውስጥ የበዛውን ስኳር ሰውነቱ በሽንት ስለሚያወጣው ነው፣ የሚጠማውም የወጣበትን ውሃ ለመተካት ነው አለችኝ።

"ውሃ አልከለከላችሁትም አይደል?"

"ጎረቤቴ ትሰጠው ነበር" አልኩ። 

"ጎበዝ ጎረቤት ነው ያለሽ" አለችኝ። "እሷ ባትኖር ከዚህም ቀደም ብሎ ይደክም ነበር።" በጊዜ ታውቆለት ቢሆን ኢንሱሊን እየወሰደ እንደማንኛውም ልጅ ያድግ እንደነበርም ነገረችኝ። በነጋታው ዓርብ ከሰዓት በኋላ አረፈ። ወረቀቱን ተቀብዬ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። ወንድይፍራው ምን አሉ ሲለኝ "ድንገተኛ የሆድ በሽታ ነው አሉ" አልኩት።

የልቅሶው ድንኳን ውስጥ የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ። እኔ ከተቀመጥኩበት የታየኝን ግን አታውቂም። ጀሪካን ውሃ በጀርባሽ አዝለሽ ገባሽ፣ ያን ቀን ቧንቧው ደርቆ ስለነበር ከየት እንዳመጣሽው እንጃ። እማማ አስካለ ከጎኔ ተቀምጠው ለሴቶቹ በሹክሹክታ "ትርንጎ ራሷ ልጄን ምን እያጠጣሽው ነው ብላ ስትጮኽባት በጆሮዬ ሰምቻለሁ" ይላሉ። ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ። "አይደለም" የምትል አንዲት ቃል ነበረች ከእኔ የምትጠበቀው። ወረቀቱ ደረቴ ላይ ላብ አርሶታል። እኔ ግን ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። አንዷ ሴት ያመጣሽውን ውሃ ወስዳ አጥር ሥር ስትደፋው በነጠላዬ ውስጥ አየሁ። አንቺም አየሽ። ባዶ ጀሪካንሽን አንስተሽ ወጣሽ።

ለምን ዝም አልኩ? አንቺ ገዳይ ከሆንሽ እኔ ልጇ የተነጠቀባት እናት ሆኜ እቀራለሁ ብዬ ነው። ሰው ደረቱን እየደቃ "ምስኪን ትርንጎ" ሲለኝ እፎይ ብያለሁ። እውነቱ ይሄ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ላንዳንዱ ይሆናል፣ የኔው ዝምታ ግን ነቅዞ ውስጤን ጨርሶታል።

ልጅ የሚያስጠብቅሽ ሰው ጠፋ፣ ከዚያ ታኅሣሥ ሳያልቅ እማማ አስካለ ቤቱን ልቀቂ አሉሽ። ዕቃሽ መኪና ላይ ሲጫን እኔ መጋረጃ ሥር ተቀምጬ ክር ያልገባበት የስፌት መኪና እየረገጥኩ ሥራ ላይ ያለሁ አስመሰልኩ። ሲሃም ስታልፍ ከደጄ ሥር አንድ ነገር አስቀመጠች። ስትሄዱ ወጥቼ ባይ የኪዳን ሦስት ብይ ነው። አሁንም መስኮቱ ላይ አለ።

ያለሽው ሳንሱሲ መሆኑንና እንደገና ልጅ መጠበቅ መጀመርሽን ያወቅኩት ባለፈው ማክሰኞ ነው። ከአስኮ ክር ገዝቼ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሁለት ሴቶች ከፊቴ ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ለልጇ ጠባቂ ትፈልጋለች።

"ሳንሱሲ አንዲት ዘይነባ የምትባል አለች፣ ጎበዝ ናት አሉኝ" ትላለች።

"ኧረ በስመ አብ! እሷማ ኮልፌ የሰው ልጅ የሆነ ነገር አጠጥታ ገድላ የመጣች ናት። እናትየው እኮ ናት ራሷ የተናገረችው!"

እናትየው ከኋላቸው ተቀምጣ የክር ፌስታል አቅፋለች። ያኔም ዝም አለች ዘይነባ። ረዳቱ "መጨረሻ" ብሎ በሩን እስኪከፍት ድረስ ትንፍሽ አላለችም። ያ ግን የመጨረሻዋ ዝምታ ነበረች።

ትናንት ለወንድይፍራው ሁሉንም ነገርኩት። አልጮኸም፣ አልመታኝም። "ቆይ አልሽው?" ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀኝና ወጥቶ የቆመው ሚኒባስ ኋላ ወንበር ላይ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጠ። ከኔ ጋር ይኖር ይሆን አላውቅም። ሲመለስ ግን "ለሷ ጻፊላት። እድር ላይም ትናገሪያለሽ" አለኝ።

ዛሬ ተናገርኩ። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ወልደ አማኑኤል "ሌላ ጉዳይ ያለው?" ሲሉ ተነሳሁና የሆስፒታሉን ወረቀት ሰጠኋቸው። ብርድ ልብሱን፣ ጀሪካኑን፣ ኩባያዋን፣ "ቆይ" ያልኩትን፣ አንድ ሳላስቀር አወራሁ። እማማ አስካለ "ልጄ፣ ሐዘኑ አእምሮሽን ነክቶታል፣ ተቀመጪ" አሉኝ።

"እማማ፣ እርስዎ የሰሙት ጩኸቴን ነው" አልኳቸው። "ውሃውን ከእጁ የነጠቅኩት እኔ ነኝ።"

 በኋላ ከጥግ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት "የኔም ትልቁ አልጋው ላይ ይሸናል፣ አምስት ዓመቱ ነው፣ ስኳር ነው ማለት ነው?" አለች።  የመለስኩላት ያንቺን ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ያልተወው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጊዜው ስላልደረሰ ነው፣ ላስቲክ አንጥፊለት፣ አትምቺው፣ አታሳፍሪው፤ ትቶት ከቆየ በኋላ ከተመለሰበት፣ ከጠማውና ከከሳ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሩጪ፣ ከጣቱ አንዲት ጠብታ ደም ይበቃል፤ ውሃ ግን በምንም ምክንያት አትከልክዪው አልኳት። ድንኳኑ ውስጥ ስምሽን ያጠፉት ሴቶች አሁን ስምሽን እያነሱ አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም፣ ማልቀስ የሚገባኝ አልመሰለኝም።

ጋሽ ወልደ አማኑኤል ቃሌን ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍረው፣ የእድሩን ማኅተም መትተው አንድ ቅጂ ሰጥተውኛል። ከሆስፒታሉ ወረቀት ጋር እዚሁ ፖስታ ውስጥ ታገኚዋለሽ። የሆስፒታሉ ዋናው ነው፣ ሌላ የለኝም፣ ላንቺ ይሁን። የሳንሱሲ መስመር ሹፌሩ ሞቲ ሰፈርሽን አጠያይቆ ያደርስልሻል።

ወረቀት ብቻውን የተወራን ወሬ እንደማይመልስ አውቃለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ራሴ እመጣለሁ። ቤትሽ ልግባ አልልሽም። ደጅሽ ላይ ቆሜ ልጅ ይዛ ለምትመጣ እናት ሁሉ ያን ልጅ ውሃ የከለከልኩት እኔ ነኝ፣ ያጠጣችው እሷ ናት እላለሁ። ያን ቅዳሜ ብቻም አይደለም፣ ወሬው እስኪሞት ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ። ብታባርሪኝ መንገዱን ተሻግሬ እዚያ ማዶ እቆማለሁ። ይቅር በይኝ ለማለት ግን አፍ የለኝም።

ኩባያዋንም ይዤልሽ እመጣለሁ። ያን ቀን ሁላችሁም ከገባችሁ በኋላ ከግድግዳው ሥር አንስቻት ነበር፣ ለምን እንዳነሳኋት እኔም አላውቅም። እጀታዋ ተሰብሯል። ትናንት ሞላኋትና ጠረጴዛ ላይ አሳደርኳት። ዛሬ ጠዋት ሳያት አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም።

የኪዳን እናት፣
ትርንጎ